የሀጂ 41 ሺህ ሰው፦ ለትንሽ ንግድ የትኛው የዌብሳይት ቆጣሪ ይሻላል?

ጅማ መርካቶ አካባቢ የተቆላ ቡናና ማር የሚሸጡ አንድ ደንበኛ አሉኝ። ሰፈሩ በሙሉ "ሀጂ" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። አንድ ቀን ከመስታወት ጠረጴዛቸው ሥር የታተመ ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ።

"አንተ ልጅ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ። ዌብሳይቴን በወር 41 ሺህ ሰው ያየዋል ተብያለሁ። ታዲያ ቡናው ለምን ጆንያ ውስጥ ቀረ?"

ወረቀቱን የሰጣቸው ዌብሳይቱን የሠራላቸው ሰው ነው። ቁጥሩ ፈጠራ አልነበረም፤ ከሰርቨሩ፣ ዌብሳይቱ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር የወጣ ነው። ችግሩ "ሰው" የሚለው ቃል ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "ሂት" ነበር።

የዌብሳይት ቆጣሪ ሞልቷል። አብዛኛው በነጻ ነው። ግን ሁሉም የሚቆጥሩት ነገር ይለያያል፤ አንዱን ወር በሦስት ቆጣሪ ብታዩት ሦስት የተለያየ ቁጥር ታገኛላችሁ። ስለዚህ ጥያቄው "ትክክለኛው የትኛው ነው?" ሳይሆን "እኔ ማወቅ የምፈልገውን የሚነግረኝ የትኛው ነው?" ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ጅማ ላይ ሱቅ ላለው፣ ደንበኛው በስልክ ኢንተርኔት ለሚገባ፣ በመጨረሻም ደውሎ ለሚገዛ ሰው ታስቦ የተጻፈ ነው።

ሂት፣ ገጽ፣ ጉብኝት፣ ሰው

የሀጂ የመጀመሪያ ገጽ ላይ 19 ፎቶ አለ። ሎጎው፣ የፊደሉ ፋይል፣ የዲዛይኑ ፋይልና ሌላው ሲጨመር 26 ፋይል ይሆናል። አንድ ሰው ገጹን አንዴ ሲከፍት ሰርቨሩ 26 ሂት ይመዘግባል። የሐሙስ ገበያ መግቢያ ላይ ቆሞ እግር የሚቆጥር ሰው አስቡ። ለአህያው አራት፣ ለባለቤቱ ሁለት። ማታ "ዛሬ 6 ሺህ እግር ገባ" ቢላችሁ አልዋሸም። ስንት ሰው ቡና ገዛ ለሚለው ግን ምንም አልነገራችሁም።

41 ሺህ 600 ሂት ለ26 ሲካፈል 1 ሺህ 600 ገጽ ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ ሰው ያልሆነው ብዙ ነው፤ እመለስበታለሁ።

"ጉብኝት" ማለት አንድ ሰው ገብቶ እስኪወጣ ያደረገው ሁሉ ነው። ጉግል አናሊቲክስ ሰውዬው 30 ደቂቃ ዝም ካለ ጉብኝቱ አለቀ ይላል። ሆስቲንግ (ለዌብሳይቱ የምንከራየው ቦታ) ላይ የሚመጣው አውስታትስ የሚባል ቆጣሪ ግን አንድ ሰዓት ይጠብቃል። በዚህ ብቻ እንኳ ሁለቱ አይገጥሙም። "ተጠቃሚ" የሚባለውም ሰው ሳይሆን ብሮውዘር፣ ዌብሳይት የምንከፍትበት አፕ ነው። ፌስቡክ ውስጥ ሆኖ ሊንኩን የከፈተ ሰው፣ ማታ በክሮም ቢመለስ ሁለት ሰው ይሆናል። በአንድ ስልክ የሚያዩ ሦስት እህትማማቾች ደግሞ አንድ ናቸው።

አውስታትስ፦ በነጻ የመጣ፣ ግን የቴክኒሻን ዕቃ

ሲፓነል (ሆስቲንጉን የምታስተዳድሩበት ገጽ) ያለው ሆስቲንግ ከገዛችሁ አውስታትስ እዚያው ሊኖር ይችላል። ዌብሳይቱ ላይ ምንም ኮድ አይጨመርም። ሰርቨሩ የሚጽፈውን መዝገብ አንብቦ ያጠቃልላል።

አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በሩን ያንኳኳውን ሁሉ ያያል። ከሌሎቹ ቆጣሪዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ገጹ ሲከፈት ስልኩ ላይ በሚጫን ኮድ ነው። ኔትወርኩ ተንቀርፍፎ ገጹ ሳይከፈት ተስፋ ቆርጦ የሄደውን ሰው ኮዱ ላያገኘው ይችላል። ማስታወቂያ ማገጃ የሚጠቀመውም ያመልጠዋል። መዝገቡ ላይ ግን ገጹን የጠየቀበት መስመር ይቀራል። የሀጂ 19 ፎቶ ስንቱን እንዳባረረ ያወቅነው በዚህ ነው፤ ገጹን ጠይቀው ፎቶዎቹን ሳይጨርሱ የጠፉ ብዙ ነበሩ።

ጉዳቱ ሮቦት ነው፤ ሰው ሳይሆን በራሱ ዌብሳይት እየዞረ የሚከፍት ፕሮግራም። የሚያውቃቸውን ለብቻ ያስቀምጣል። ብሮውዘር መስለው የሚመጡትን ግን ከሰው ጋር ይደባልቃቸዋል። ሀጂ ጋ በብዛት ከታዩት ገጾች ሦስተኛው የወርድፕረስ፣ ዌብሳይቱ የተሠራበት ሶፍትዌር መግቢያ ነበር። ሀጂ ፓስወርዱን እንኳ አያውቁትም። የሚያንኳኩት ቀንና ሌሊት ፓስወርድ የሚሞክሩ ሮቦቶች ናቸው። ሀጂ የአገሮቹ ዝርዝር ላይ አሜሪካ አንደኛ ሆና ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"የእህቴ ልጅ ይሆናል፤ እዚያ ነው ያለው።"

እዚያ ያለው የሰርቨር መጋዘን ነው ለማለት አንጀቴ አልቻለም። በኋላ ነገርኳቸው።

ሌላም አለ። አውስታትስ ሰውን የሚለየው በአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ለመሣሪያው በሚሰጠው ቁጥር ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ስልክ በአንድ አድራሻ ያወጣል፤ የአንዱ ስልክ አድራሻ ደግሞ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ በኩል ይቀንሳል፣ በሌላ በኩል ይጨምራል። ለንግድ ውሳኔ አትጠቀሙበት። የጠፉ ገጾችን ዝርዝር ለማየት ግን ጎበዝ ነው።

ጉግል አናሊቲክስ፦ ሁሉን የሚያውቅ፣ ሁሉን የሚያወራ

ሁሉም የሚያውቀው ይህን ነው። አሁን ያለው 4ኛው ነው። የድሮው በፈረንጅ ጁላይ 1 ቀን 2023 መቁጠር አቆመ፤ በማግሥቱ ዓመት የቆየው ዳታም ተሰረዘ። ወርኃዊ ቁጥሮቻቸውን ደብተር ላይ ያልጻፉ ሰዎች የዓመታት ታሪካቸው አብሮ ሄደ። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጡ በወር አንዴ አምስት ቁጥር በእጃችሁ ጻፉ።

ይህ ቆጣሪ ሰው ከየት መጣ፣ የትኛውን ገጽ አየ፣ ቆየ ወይስ ወዲያው ወጣ የሚለውን ይነግራችኋል። "ትኩረት የሰጠ" የሚለው ጉብኝት ከ10 ሴኮንድ በላይ የቆየ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ገጽ ያየ፣ ወይም እናንተ አስቀድማችሁ ዋና ብላችሁ የመረጣችሁትን ነገር ያደረገ ነው። 10 ሴኮንድ ብዙ አይደለም። ሱቅ በር ላይ ቆሞ "ስንት ነው?" ብሎ ለመሄድም ይበቃል። ግን ሮቦቱን በደንብ ያጣራል። የሀጂ 41 ሺህ እዚህ ሲገባ 212 ተጠቃሚ ሆነ።

ሀጂ ዝም አሉ። ከዚያ "ይሄ ይሻላል፤ ይሄ ሰው ይመስላል" አሉ።

ሦስት ወጥመድ አለው። አንደኛው ከተማ ነው። ከ212ቱ 170ው አዲስ አበባ ናቸው አለን። ሀጂ ወዲያው አዲስ አበባ ቅርንጫፍ መክፈት አማራቸው። እዚያው ሱቃቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ዌብሳይቱን ከፈትኩ። በቀጥታ የሚያሳየው ሪፖርት ላይ አንድ ሰው ብቅ አለ፤ ከተማው አዲስ አበባ። ጅማ ተቀምጬ! ቆጣሪው ቦታን የሚገምተው በአይፒ ስለሆነ፣ በሞባይል ኢንተርኔት የገባ ሰው የት እንዳለ በእርግጠኝነት አያውቅም። አገሩን እመኑት፤ ከተማውን ተዉት።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ስትከፍቱት የሰዓት ሰቁን ኢትዮጵያ አድርጉ። አሜሪካ ላይ ከቀረ የእኛ ምሽት የእነሱ ጠዋት ሆኖ ይመጣል። ከተስተካከለ በኋላም 20 የሚለው የእኛ ምሽት 2 ሰዓት መሆኑን አትርሱ። ወሩም እንደዚያው ነው። ሀጂ ሒሳባቸውን በጥቅምት ይዘጋሉ፤ ቆጣሪው ኦክቶበር ይላል። ቀኑን ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ብላችሁ ስትመርጡ ነው ጥቅምት የሚሆነው። ይህን ሳናደርግ ሁለት ወር ሙሉ የማይገጥም ነገር ስናገጥም ከረምን።

ሦስተኛው የዳታ ዕድሜ ነው። በዝርዝር የምትመረምሩበት ክፍል ዳታን የሚይዘው ካልነካችሁት 2 ወር ብቻ ነው። 14 ወር ማድረግ ይቻላል፤ በነጻ ነው። ግን አንዴ የጠፋው አይመለስም። በመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

እውነቱን ለመናገር ለአንድ ቡና ሱቅ ይህ ቆጣሪ ይበዛል። ምናሌው ውስጥ ገብቶ መጥፋት ቀላል ነው። ማስታወቂያ በገንዘብ የምታሠሩ ከሆነ፣ ወይም እንግዳ ማረፊያ ኖሯችሁ ሰው ዌብሳይቱ ላይ ክፍል የሚይዝ ከሆነ ያስፈልጋችኋል። ካልሆነ ይቆጠር፣ ግን በየቀኑ አትክፈቱት።

ሰርች ኮንሶል፦ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሱቅ ላለው ሰው መጀመሪያ የሚገባው ይህ ነው። የጉግል ነው፤ ነጻ ነው፤ 16 ወር ወደ ኋላ ያሳያል። የሚነግራችሁ ከመግባታቸው በፊት ያለውን ነው፦ ሰዎች ጉግል ላይ ምን ብለው ሲፈልጉ የእናንተ ገጽ ብቅ አለ፣ ስንቴ ታየ፣ ስንቴ ተጫኑት፣ በአማካይ ስንተኛ ነበር።

የሀጂ ዌብሳይት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። "ፕሪሚየም ኦርጋኒክ ኮፊ" ምናምን። ሰርች ኮንሶልን ከከፈትን ከአንድ ወር በኋላ ዝርዝሩን ሳየው ሳቄ መጣ። አንድም ሰው እንዲህ ብሎ አልፈለገም። የሚፈልጉት "የጅማ ቡና ዋጋ"፣ "የተቆላ ቡና በኪሎ" ብለው ነው። ጅማን አንዱ በ"ጅ"፣ ሌላው በ"ጂ" ይጽፋታል። አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፉም ነበሩ።

"የጅማ ቡና ዋጋ" ለሚለው ገጹ 1 ሺህ 900 ጊዜ ታይቶ 12 ጊዜ ብቻ ተጭኗል። ለምን ቢባል ገጹ ላይ ዋጋ የለም።

"ሀጂ፣ ዋጋ እንጻፍ።"

"ጎረቤቴ እንዲያይ? ደግሞስ ዋጋው ነገ ይለወጣል።"

ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ ቀን እየተጻፈበት "የዛሬ የኪሎ ዋጋ" የሚል አንድ መስመር ገባ። በየሰኞው ልጃቸው ታድሰዋለች። ጠቅታው በሚቀጥለው ወር 70 ደረሰ። አዲስ ፎቶ አልጨመርንም፤ ማስታወቂያም አልከፈልንም።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ከጉግል ፍለጋ የመጣውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ከቴሌግራም የመጣውን አያውቅም። ጥቂት ሰው ብቻ የፈለጋቸውን ቃላት ደግሞ ለግለሰቦች ምስጢር ሲባል ይደብቃል። ትንሽ ዌብሳይት ላይ የዝርዝሩ ድምር ከጠቅላላው ካነሰ አትደንግጡ። ቁጥሩም የሚመጣው ቀን ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው።

ከዚሁ ጋር ሱቃችሁን ጉግል ካርታ ላይ አስመዝግቡ። እዚያ ስንት ሰው እንደደወለና አቅጣጫ እንደጠየቀ ለብቻ ታያላችሁ። ዌብሳይት ለሌላቸውም ይሠራል።

ክላሪቲ፦ ቁጥር ሳይሆን ጣት

የማይክሮሶፍት ነው፤ ይህም ነጻ ነው። ሰው ገጹ ላይ ምን እንዳደረገ እንደ ቪዲዮ ያሳያችኋል፤ የት ድረስ እንደወረደ፣ ምን እንደነካ። ሦስተኛውን ቅጂ ሳይ አንድ ሰው የሀጂን ስልክ ቁጥር ይነካል። ይነካል። እንደገና ይነካል። ስድስት ጊዜ። ከዚያ ወጣ። ቁጥሩ ፎቶ ውስጥ የተጻፈ ነበር ለካ! ነክተው መደወል አይችሉም፤ ኮፒም አይሆንም። ያን ቀን ነው ቁጥሩን በጽሑፍ አድርገን ሲነካ የሚደውል ያደረግነው።

ሁልጊዜ ክፍት ይሁን አልልም። በዓመት ሁለት ወር ይበቃል። የሰው እንቅስቃሴ ስለሚቀዳ ዌብሳይቱ ላይ ግልጽ ማሳወቂያ አድርጉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ "እኔ ትንሽ ነኝ" ማለት አያዋጣም።

ሌሎቹ፣ ባጭሩ

ማቶሞ፣ በድሮ ስሙ ፒዊክ፣ በራሳችሁ ሆስቲንግ ላይ የሚጫን ነጻ ቆጣሪ ነው። ዳታው የእናንተ ይሆናል። ግን ማዘመን ይፈልጋል፤ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ይከብዳል። የሚከታተል ልጅ ካላችሁ ግቡበት። ፕላውሲብል ቀላልና ቆንጆ ነው፤ ኩኪ (ሰውን ለማስታወስ ስልኩ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፋይል) አይጠቀምም፤ አንድ ገጽ ላይ ሁሉም ይነበባል። ግን ወርኃዊ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። ለዚያ የሚሆን ካርድ ለማግኘት የምትሮጡት ሩጫ ቡና ቢሸጥበት ይሻላል።

ቴሌግራም "ቀጥታ" ሲሆን

ይህን ክፍል ማንም አይነግራችሁም፤ እዚህ አገር ግን ዋናው ነው። ከሀጂ 212 ተጠቃሚዎች 131ዱ "ዳይሬክት" ተብለው ነበር። አድራሻውን በእጃቸው ጽፈው ገቡ ማለት ይመስላል። ማን ነው ያን ሁሉ ፊደል በስልክ የሚጽፈው? እውነታው ከቴሌግራም አፕ ሊንክ ተነክቶ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ቆጣሪው ደግሞ ምንጩን ያላወቀውን ሁሉ "ቀጥታ" ይለዋል።

መድኃኒቱ ሊንኩ ጭራ ላይ ምልክት መቀጠል ነው፤ ዩቲኤም ይባላል። የሚቀጥልላችሁ ነጻ መሣሪያ ጉግል አለው። ምንጩን ትጽፋላችሁ፤ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ወይም ከረጢት። "ከረጢት" ያልኩት ቀልድ አይደለም። የሀጂ የግማሽ ኪሎ ከረጢት ላይ ኪውአር ኮድ አትመናል፤ የራሱ ምልክት አለው። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ሁልጊዜ በትንሹ ፊደል ይሁን፤ ትልቁና ትንሹ ፊደል ለቆጣሪው ሁለት የተለያየ ምንጭ ነው። እኔ አንዴ ተሳስቼ አንዱ ቴሌግራም ሁለት ሆኖ ወር ሙሉ ተቆጥሯል።

ምልክት ከገባ በኋላ "ዳይሬክት" ወደ 40 ወረደ። ቴሌግራም 64፣ ከረጢቱ 21 አመጣ። ከረጢቱን አይቶ የገባ ሰው ቡናውን ቀምሶታል። 21ዱን ሰው ከ64ቱ በላይ እወዳቸዋለሁ።

ታዲያ የትኛውን?

ዌብሳይት ከሌላችሁና የምትሸጡት በቴሌግራም ቻናል ከሆነ ምንም አትክፈቱ። ከፖስቱ ሥር ያለችውን የዓይን ምልክት ተመልከቱ፤ ከዚያ ስልኩን አንሱ።

ሱቅና ቀላል ዌብሳይት ላለው፦ ሰርች ኮንሶል፣ የጉግል ካርታ ምዝገባ፣ አንድ ደብተር። ቴሌግራም ላይ በብዛት የምትለጥፉ ከሆነ አናሊቲክስን ለምልክቶቹ ስትሉ ጨምሩ። ለፌስቡክ ማስታወቂያ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ያለ አናሊቲክስና ያለ ምልክት አንድ ብር እንዳያወጣ። ማረፊያ ያለው፣ ቡና ወደ ውጭ የሚልክ፣ ደንበኛው ከአገር ውጭ የሆነም እንዲሁ፤ የአገሮቹ ዝርዝር ለእሱ ዋጋ አለው። ዌብሳይቱ ሰው እያስገባ ስልክ የማይጮህ ከሆነ ክላሪቲን ለአንድ ወር። አውስታትስን ለሠራላችሁ ልጅ ተዉለት።

አንድ ነገር ግን ከምርጫው በፊት። ሁሉንም በራሳችሁ ጂሜይል ክፈቱ፤ ቴክኒሻኑን እንደ እንግዳ ጨምሩት። ይህን የምለው ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ነው። ድሮ ለአንድ ፎቶ ቤት በራሴ ጂሜይል ከፍቼ፣ ስልኬ ሲሰረቅ ሁለታችንም በር ላይ ቀረን።

ሀጂ ደብተራቸው ላይ አሁን አንድ አዲስ ዓምድ አለ፤ "ከየት ሰሙ?" ይላል። የሚደውለውን ሁሉ ይጠይቃሉ። "ጉግል"፣ "ቴሌግራም"፣ "ጎረቤት" እያሉ ይጽፋሉ። የወሩ ማብቂያ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ቡና እየተፈላ ሃያ ደቂቃ እንቀመጣለን። እኔ የሰርች ኮንሶሉን አነባለሁ፤ እሳቸው ደብተሩን። ከቆጣሪው ይልቅ "ጎረቤት" የሚለው ይበልጣል፤ በየወሩ።

የ41 ሺዋ ወረቀት ግን አሁንም መስታወቱ ሥር አለች። ጣሉት ብላቸው እምቢ አሉ። ለእንግዳ ያሳዩበታል።